በትልቁ ካሜራ ከሆነ

መስከረም 9

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ ያ ሰውን ሁሉ የሚለካው ዓይንዎ ደህና ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ሥራዬ ያው ነው፤ ያረጁ የቢሮ ማሽኖች በጭነት መኪና ይመጣሉ፣ እኛ እንፈታቸዋለን፣ መዳቡ ወደ መዳብ፣ ፕላስቲኩ ወደ ፕላስቲክ ይሄዳል። ቀኑን ሙሉ ካቻቪቴ ስለምጨብጥ መዳፌ የእርስዎን መምሰል ጀምሯል። ባል የሚጠፋው በዚህ ነው እንዳይሉኝ።

አጎቴ፣ ዛሬ የምጽፈው ለአንድ ነገር ነው። በደብዳቤዎ ግርጌ እማዬ በራሷ እጅ አንድ መስመር ሳትጨምር ቀርታ አታውቅም ነበር። "ሹራብ ልበሺ" ትላለች። "ጸጉርሽን እንዳትቆረጪ" ትላለች። አንዴማ "አጎትሽ ከጻፈው ግማሹን ብቻ እመኚ" ብላኛለች። ካለፈው ጥር ወዲህ ያ መስመር የለም። ስልኳ ይጠራል፣ አይነሳም። "ተበላሽቶ ነው" አሉኝ፣ አዲስ ላክኩ፤ አዲሱም ሳይውል ሳያድር ተበላሸ መሰለኝ።

የመኖሪያ ወረቀቴ ጉዳይ ሳያልቅ ከዚህ ብወጣ መመለሻ እንደሌለኝ ያውቃሉ። ስለዚህ መምጣት አልችልም። አንድ ፎቶ ይላኩልኝ። ፊቷን ልየው፣ ሌላ ምንም አልጠይቅም።

እጅዎን ስሜያለሁ፤
የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 3

ለምጥኔ፣

በየዓመቱ በሩ መቃን ላይ አቁሜ ቁመትሽን ስለካ ያወጣሁልሽ ስም ዛሬም ልክሽ ነው? ሰላምታዬን በቡሎን አጥብቄ ልኬልሻለሁ፤ መንገድ ላይ አይላላም። እኛ እዚህ፣ ሰውም ብረቱም፣ ደህና ነን። መደርደሪያ የሚያሠራ ሰው ግን ጠፍቷል። ዕቃ ያለው ሰው ጠፋ መሰለኝ።

እናትሽ ደህና ናት። ፎቶውን በተመለከተ፣ ስልኬን አውጥቼ ወደ እሷ ባዞር ሻርፗን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ "ወግድ!" አለችኝ። በሌላ ቀን ለመንኋት፣ እምቢ። ሦስተኛ ስነዘንዛት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "እነሳለሁ፤ በትልቁ ካሜራ ከሆነ።"

ትልቁ ካሜራ ማለት ልጆች ሳለን አባታችን እሷን በአንድ እጁ እኔን በሌላው ይዞ የወሰደን ፎቶ ቤት የነበረው ነው። ባለ ሦስት እግር ሣጥን ነበር፤ ሰውየው ጥቁር ጨርቅ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል፣ እኛ ደግሞ ሞተ ብለን እንፈራለን። ፎቶ ቤቱ ከፈረሰ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። እናትሽ ይህን አሳምራ ታውቃለች፤ እምቢ ማለቷ ነው፣ በጨዋ ደንብ። የማን እህት እንደሆነች ግን ረሳች።

ልሠራው ነው ምጥኔ። ሳስበው ሳስበው ነገሩ ያን ያህል አይከብድም። አንድ ሣጥን ነው። በአንድ በኩል ሌንስ፣ በሌላው በኩል ጭጋጋማ ብርጭቆ፣ በመሃል ጨለማ። ፊቱና ጀርባው ግን መቀራረብና መራራቅ አለባቸው፤ ለዚህ ደግሞ ባለ ቀዳዳ አንጎላሬ የሚያህል የለም። የመደርደሪያ እግር አድርጌ አርባ ዓመት ስቆርጠው የኖርሁት ብረት! ቀዳዳው ረዘም ስለሚል ቡሎኑን ላላ አድርገሽ በሚሊ በሚሊ ትገፊዋለሽ፣ ልኩ ላይ ሲደርስ ዳዶውን ታጠብቂዋለሽ። ብርጭቆውን ከመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ነቀልሁት። በምትኩ ላሜራ ስለመታሁበት አሁን እንደ ወህኒ ቤት በጨለማ ነው የምንታጠበው። መሃሉን የሚሸፍነው እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍ ጥቁር ጨርቅ ደግሞ ከአሮጌ ጃንጥላዎች ተሠራ፤ ከሱቄ በር ላይ የሚቀመጠው ጃንጥላ ጠጋኝ ሰፋልኝ።

የጎደለኝ ሌንስ ብቻ ነው። ከምትፈቻቸው ማሽኖች ሆድ ውስጥ አንድ አይገኝም?

ዕድሜሽን እንደ አንጎላሬ ያርዝመው፤
አጎትሽ


ኅዳር 12

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላምታዎ ሳይላላ ደርሶኛል። ለእርስዎም ጤናና ዕድሜ፣ ለእማዬም እጥፍ።

ሌንሱን ልኬያለሁ። ካርታ ያትም ከነበረ ድርጅት የመጣ፣ ክፍል የሚያህል ማሽን ስንፈታ ከውስጡ ያወጣሁት ነው፤ ኪሎ ተኩል ይመዝናል። አለቃዬን ብጠይቀው "ያው ብርጭቆ ነው፣ ውሰጂው" አለኝ። አጎቴ፣ "ያው ብርጭቆ" አይደለም። እቤት ወስጄ ከመስኮቱ ትይዩ ያዝኩትና ወደ ግድግዳው ጠጋ ራቅ ሳደርገው ግድግዳዬ ላይ መንገዱ መጣ! ተገልብጦ፣ ከነቀለሙ። ዛፉ፣ አውቶቡሱ፣ ማዶ ያለው ፎቅ ላይ የተሰጣው ቀይ አንሶላ። ፎቶ መስሎኝ ነበር፤ ከዚያ ነፋስ መጣና አንሶላው ተንቀሳቀሰ። ጮህኩ። ጎረቤቴ በሩን አንኳኩታ ደህና ነሽ ወይ አለችኝ።

አሁን ደግሞ ጥያቄ። ጨርቁን ጃንጥላ ጠጋኝ ሰፋው ብለዋል። እማዬ በሰው ሠርግ ላይ ተቀምጣ የሙሽራዋን ቀሚስ ስፌት በዓይኗ የምትፈታ ልብስ ሰፊ ናት። የወንድሟን ሥራ ለጃንጥላ ጠጋኝ አሳልፋ የሰጠችው ለምንድነው?

የምትወድዎት፣ የምትጠይቅዎትም፤
ምጥን


ታኅሣሥ 21

ለምጥኔ፣

ጤና ይስጥልኝ፣ እጅሽን ይባርከው። ሌንሱ ደረሰ። ላሜራ በክብ ቆርጬ፣ ጠርዙን በሞረድ አለስልሼ፣ ፊት ለፊት ሰካሁት። እንደ ፋብሪካ ዕቃ ጠቅ ብሎ ገባ። ዛሬ ስለ ሌላ ነገር መጻፍ አልችልም፤ ያየሁትን ልንገርሽ።

ካሜራውን ከሱቁ በር አውጥቼ ወደ መንገዱ አዞርሁት። ቁመቱ ደረቴ ድረስ ነው፣ አንጎላሬው ሁሉ ስለሚታይ ሕጻናት "መሰላል ነው? አልጋ ነው?" ይሉኛል። ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንቤ ገባሁ። መጀመሪያ ምንም የለም። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ጠበቅሁ። ቡሎኑን አላልቼ ፊቱን ትንሽ ወደ ፊት ገፋሁት፣ አሁንም ትንሽ።

ምጥኔ፣ መንገዱ ገባ! ከመታጠቢያ ቤቴ ብርጭቆ ላይ። ሰዎች በእግራቸው ሰማይ ላይ ተንጠልጥለው ይሄዳሉ። ጃንጥላ ጠጋኙ ተገልብጦ ክር ያስገባል፤ ክሯ ራሷ ትታያለች። ማዶ ያለው የቆርቆሮ ጣሪያ እያንዳንዱ ሽንትሩ፣ ሚስማሩ። መብራት የለው፣ ባትሪ የለው፣ ሞተር የለው፤ ብርሃን ብቻውን፣ ማንም ሳያዝዘው፣ ይህን ሁሉ ሥራ ሲሠራ። ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው። ይህን መንገድ አርባ ዓመት ተመላልሼበታለሁ፣ አይቼው ግን አላውቅም ነበር። ከጨርቁ ሥር ሆኜ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ደግነቱ ማንም አያይም። ስወጣ ግማሽ ቀን አልፏል፤ ሁለት ደንበኛ ጠብቆኝ ሄዷል።

አሁን የሚያስፈልገኝ ሥዕሉን የሚይዝ ወረቀት ነው። ያ ፎቶ ቤት በነበረበት ዘመን በወረቀትም ይነሣል ይባል ነበር። የብርጭቆዬ ልክ ሃያ በሃያ አምስት ሳንቲም ነው።

እናትሽ ሰላም ብላለች።

አጎትሽ


ጥር 18

ለአጎቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። በዚህ ጥቅል ውስጥ ሃያ አምስት ወረቀትና ሁለት ከረጢት የፎቶ ማጠቢያ መድኃኒት አለ፤ የመድኃኒቱን አበጠባበጥ ከጀርባ ጽፌዋለሁ። ወረቀቱን ብርሃን ፈጽሞ እንዳያየው። በጨለማ ክፍል፣ በቀይ መብራት ብቻ ይከፈታል።

ጥያቄዬን ዘለሉት። እርስዎ መደርደሪያ ሲገጥሙ አንድ ቀዳዳ አይዘሉም።

ምጥን


የካቲት 26

ለምጥኔ፣

እንዴት ብዬ ሰላም እንደምልሽ ስለማላውቅ ዝም ብዬ ልጀምር። ሁለት ጥፋት አለብኝ። ትንሹን አስቀድማለሁ።

ጥቅልሽ እንደደረሰ ሱቄ ጠረጴዛ ላይ ከፈትሁት። ጥቅሉ ላይ ሃያ በሃያ አምስት ይላል፤ እኔ ግን በሰው ልኬት ሠርቼ አላውቅም። ላሜራም ይሁን ቡሎን፣ የመጣልኝን ዕቃ ሳልቆጥርና ሳልለካ አልረከብም። ጥቁሩን ከረጢት ቀድጄ ሃያ አምስቱንም አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋኋቸው። ቁጥሩ ልክ። የብረት ማስመሪያዬን አንዱ ላይ አጋድሜ በግራ እጄ ተጫንሁት። ልኩም ልክ። ደስ ብሎኝ፣ እጄን ሳላነሳ፣ አንቺ ከሁሉም ሥር ያስቀመጥሽውን ደብዳቤ በሌላው እጄ አንስቼ ማንበብ ጀመርሁ። "ብርሃን ፈጽሞ እንዳያየው" የሚለው ላይ ስደርስ ቀና አልሁ። የቀትር ፀሐይ በበሩ ገብታ ጠረጴዛው ላይ ተንጋላለች። ያ ሁሉ ነጭ ወረቀት ዓይኔ እያየ እንደ በለዘ ቆዳ ይጠቁራል።

እጄን አነሳሁ፣ ማስመሪያውን አነሳሁ። ከሥራቸው ማስመሪያው ነበር! ነጭ ሆኖ፣ ጫፉ ላይ ያለችው መስቀያ ቀዳዳ እንኳ ሳትቀር። አጠገቡ አራት ጣቶቼ። የመሃሉ ጣቴ፣ ያ ጫፉን የብረት መፍጫ የበላው፣ እዚያም ጫፉ ጎድሏል። ካሜራ የለ፣ ሌንስ የለ። ጅልነቴ ራሱ ፎቶ አነሳኝ። ብርሃን ባየው ቁጥር ስለሚጠቁር በጥቁር ወረቀት ጠቅልዬ ልኬልሻለሁ፤ ጥላ ውስጥ ሆነሽ ቶሎ አይተሽ መልሺው።

አሁን ትልቁ። እናትሽ ያን ሰዓት ጥግ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ታየኝ ነበር። ሃያ አምስቱን ወረቀት በክንዴ ልሸፍን ስረባረብ ሳቀች። ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዓመት በላይ ስትስቅ ሳላያት፣ ያን ዕለት እጇን አፏ ላይ ማድረግ እንኳ ረሳች። እኔም በዚያው መሐላዬን አፈረስሁ።

ባለፈው ዓመት ጥር አንድ ማለዳ የቀኝ ጎኗ ከዳት። ሐኪሙ ስትሮክ ነው አለ። እግሯ ተመልሷል፣ በከዘራ ትሄዳለች። ቀኝ እጇ መርፌ አይይዝም። አፏ ወደ ግራ ተጣምሟል፣ ንግግሯም ይያያዝባታል፤ ስልክ የማታነሳው ለዚህ ነው። "ወረቀቷን ጥላ ትመጣለች፣ ዕድሏን አበላሽባታለሁ። ደግሞም ልጄ በዚህ ፊት አታስታውሰኝ" ብላ አስማለችኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ግን ብዙ አሳደርሁት። ይቅር በዪኝ።

አጎትሽ


መጋቢት 30

ለተከበሩ አጎቴ፣

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆነ። መጀመሪያ የጻፍኩልዎትን ቀደድኩት። ሁለተኛውንም። በጣም ተቆጥቼ ነበር፤ አሁንም አልበረደልኝም፣ ግን ከእርስዎ በቀር የምቆጣው ሰው የለኝም፣ ስለዚህ ይቻሉት።

የጣቶችዎን ወረቀት ኮሪደር ውስጥ ሆኜ አስር እስክቆጥር አየሁትና መለስኩት። ያች የጎደለች ጫፍ። በልጅነቴ ይዣት እሄድ የነበረች ጣት ናት። ሌላ ሃያ አምስት ወረቀት ልኬያለሁ፤ በአራቱም ጎን በቀይ "አይቁጠሩ" ብዬ ጽፌበታለሁ።

የቀረውን ድምፅዎን ከፍ አድርገው ለእማዬ ያንብቡላት።

እማዬ፣ እንደምን አለሽ? አትፍሪ፣ ሥራዬን ጥዬ አልመጣም፤ የወረቀቴ ጉዳይ በሐምሌ ያልቃል፣ ያኔ እመጣለሁ። አንድ ነገር ላስታውስሽ። አንድ ትከሻው ዝቅ ያለ ሰው ኮት ሊያሰፋ መጥቶ ሲያፍር፣ "ልብሱ ነው ወደ ሰው የሚመጣ፤ ሰው ወደ ልብስ አይሄድም" ብለሽው ነበር። እግርሽ ሥር ተቀምጬ ቁልፍ እየለቀምኩ ሰምቻለሁ። እኔም ዓይኔን ወደ አንቺ አመጣዋለሁ። የድሮውን ፊት አልፈልግም፤ እሱማ አለኝ። የአሁኑን ላኪልኝ።

ሁለታችሁንም እወዳችኋለሁ፤
ምጥን


ግንቦት 24

ለምጥኔ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን፤ ለምትፈቻቸው ማሽኖችም ነፍስ ይማር። ጽሑፍሽን አነበብሁላት። በማግስቱ ጠዋት ሰማያዊውን ቀሚሷን ለብሳ፣ ከዘራዋን ይዛ፣ ሱቄ በር ላይ ቆመች። "ካሜራህ ሥራ አለው ወይስ መሰላል ነው?" አለችኝ።

ወንበር መንገዱ ዳር አወጣሁላት። የስፌት መኪናዋን አጠገቧ አድርጌ ቀኝ እጇን ላዩ ላይ አሳረፍሁላት። ከጨርቁ ሥር ገባሁ፣ ቡሎኑን አላላሁ፣ ገፋሁ፣ አጠበቅሁ።

እንዴት አድርጌ ልንገርሽ? እናትሽ ብርጭቆው ላይ ተገልብጣ ተቀምጣለች፤ ትልቅ፣ ብሩህ፣ ስትተነፍስ የአንገት ሐብሏ ከፍ ዝቅ ይላል። ከመንገድ ማዶ ሆኜ የተንጋደደ መደርደሪያ በግማሽ ሚሊ የማውቅ ሰው ነኝ። የተጣመመውን አፏን ፈለግሁት። አጣሁት! እምልልሻለሁ፣ አጣሁት። ስትገለበጥ ዓይኔ ጥመቱን ማንበብ አልቻለም። ያየሁት እህቴን ነው። ትምህርት ቤት እጄን ይዛ የወሰደችኝን ልጅ፣ አባታችን ሲሞት ያላለቀሰችውን፣ አንቺን ስትወልድ ያለቀሰችውን፤ ሁሉንም በአንድ ብርጭቆ። ብርሃን ይህን ሁሉ ከመንገድ ለቅሞ አመጣልኝ፣ እኔ ደግሞ ዓመት ሙሉ አፏን ብቻ ሳይ ከርሜያለሁ። አፈርሁ ምጥኔ። ደስታም ነበር፣ ፍርሃትም ነበር።

"ሞትህ እንዴ?" አለች ከውጭ። እንደ ልጅነታችን።

ወረቀቱን አስገባሁ። ጃንጥላ ጠጋኙ ትልቅ ጃንጥላ ዘርግቶ መንገደኛውን አቆመ። የሌንሱን ክዳን፣ የወተት ዱቄት ጣሳ ክዳን ነው፣ ነቀልሁና ስምንት ቆጠርሁ። ሰው ሁሉ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ቀጥ አለ። እናትሽ ዓይኗን አልሰበረችም።

መታጠቢያ ቤት ገባሁ፤ ያ የመታሁት ላሜራ ለካ ለዚህ ኖሯል፣ አንድ ጭላንጭል አያስገባም። አምፖሉ ላይ የመኪና የኋላ መብራት ቀይ ሽፋን ገጥሜያለሁ። ወረቀቱን መድኃኒቱ ውስጥ ነከርሁት። መጀመሪያ የወጣው ሽበቷ ነው፣ ጥቁር ሆኖ! ነጩ ጠቁሮ ጥቁሩ ነጥቶ ይወጣልና የሃያ ዓመት ሴት ጸጉር ከውኃው ብቅ አለ። ከዚያ ግንባሯ፣ ከዚያ ጉንጯ። "ኧረ ጉድ!" ስል ከበሩ ውጭ "ምን አበላሸህ?" አለችኝ።

ያን ወረቀት ከሌላ ወረቀት ጋር ገጥሜ ብርሃን ሳሳልፍበት ጥቁሩም ነጩም ቦታ ቦታውን ያዘ። ይኸው ከዚህ ጋር ያለው ነው። ስሰጣት በእጇ ገልብጣ ነበር የያዘችው። ብዙ ቆይታ፣ ቀስ አድርጋ፣ አቀናችው። ቀና ሲል ጥመቱ አለ፣ አልዋሽሽም። አየችው። እኔም አየሁት።

"ልጅቷ መጀመሪያ ገልብጣ እንድታየው ልጻፍላት? እንዳትደነግጥ" አልኋት።

"ምን ሲባል! ቀና አድርገህ ላክላት። ስለ ኮቱ ለሰውየው ያን ያልሁት እኔ አይደለሁም?" አለችኝ። ቃሉ ሁለት ሦስቴ ተያያዘባት፤ እስክትጨርስ ጠበቅሁ።

ከዚህ በታች ያለው የእሷ ነው። በግራ እጇ ስለሆነ ከጠዋት ጀምራ ነው የጻፈችው። ላግዝሽ ብላት "ዞር በል" ብላኝ፣ ዞሬያለሁ።

አጎትሽ


ልጄ፣ የጃንጥላ ጠጋኙ ስፌት ጠማማ ነው። ስትመጪ ፈትተን እንደገና እንሰፋዋለን። መርፌውን አንቺ ትይዢልኛለሽ።